ቦዩን ያጠበበው ማርኮኒ

ባለፈው በጋ ሸዋ ሮቢት አንድ ጓደኛዬ ጋ ሰንብቼ ነበር። ማሾ ይነግዳል። ቤቱ ከተማ ውስጥ ነው፤ መጋዘኑ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ። ኢንተርኔት የገባው ቤቱ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ጣሪያዎች በትንንሽ የዋይፋይ አንቴናዎች ሊያገናኛቸው ይሞክራል። ርቀቱ ቢበዛ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ አንቴናዎቹም ይተያያሉ። መሥመሩ ግን በየደቂቃው ይቆረጣል። የማሰራጫውን ኃይል እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎታል። ከዚያ በላይ መሣሪያውም አይችል፣ ሕጉም አይፈቅድ። እኔ እዚያ ስደርስ ትልቅ አንቴና ለመግዛት ዋጋ እያጠያየቀ ነበር።

በመጨረሻ ያዳነው ነገር አምስት ሳንቲም አላስወጣውም። አንድ የሚያውቅ ልጅ መጣና የቻናሉን ስፋት ከ40 ሜጋኸርዝ ወደ 10 ሜጋኸርዝ አወረደለት። በቃ። መሥመሩ ጸና። ፍጥነቱ ቀንሷል፤ ግን ለሚዛን ሂሳብና ለጥበቃ ካሜራ ከበቂ በላይ ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ቀንሰህ ብዙ ታገኛለህ የሚል ነገር ስሰማ ኪሴን መፈተሽ ይቀናኛል። ልጁ ግን በቀወት ሰው ቋንቋ አስረዳኝ። ከሮቢ ወንዝ ለመስኖ የምትጠልፈው ውኃ መጠኑ ያው ነው አለኝ። ቦዩን ሰፊ አድርገህ ከቆፈርከው ውኃው ስስ ሆኖ ይንጣለልና የታችኛው ማሳ ጋ ሳይደርስ መሬት ይጠጣዋል። ቦዩን ካጠበብከው ግን ያው ውኃ ጠልቆ፣ ጉልበት ኖሮት ይወርዳል። የሬዲዮ ኃይልም እንደዚያው ነው። ማሰራጫው ያለችውን ኃይል በ40 ሜጋኸርዝ ላይ ከሚበትናት በ10 ላይ ቢሰበስባት በእያንዳንዷ ሜጋኸርዝ ላይ የሚወድቀው አራት እጥፍ ይሆናል።

ይኸው ትርፍ ከመቀበያው በኩል ሲታይ ደግሞ እንዲህ ነው። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ፣ መሣሪያው ራሱም ጭምር፣ የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል። በሩን በሰፊው የከፈተ ብዙ ጫጫታ ያስገባል፤ በሩን ሩብ ብቻ የከፈተ ሩቡን። ስለዚህ ስፋቱን ወደ ሩብ ማውረድ ማለት፣ ለተቀባዩ ሲታየው፣ የማሰራጫውን ኃይል በአራት እንደማባዛት ነው። ገላጣ በሆነ ቦታ ይህ ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ ጠባብ ቦይ በሰዓት የሚያሳልፈው መረጃ ያንሳል።

ይህን መጀመሪያ ወደ ገበያ ያወጣው ማን ነው ብዬ ስቆፍር ያገኘሁት ሰው ጉልየልሞ ማርኮኒ ሆነ። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ያላወቅኩት የሕይወቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ከእኛ ጋር፣ ያውም ከይፋት መንገድ ጋር መያያዙን ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማርኮኒ በ1874 ቦሎኛ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ሀብታም ባለመሬት ነው። እናቱ አኒ ጄምሰን ደግሞ አየርላንድ ውስጥ በውስኪ ከሚታወቀው የጄምሰን ቤተሰብ የመጣች ናት። ይህን የዘር ሐረግ ያዙልኝ፤ ኋላ ለንደን ላይ በሩን የከፈተለት የእናቱ ወገን ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ፊዚክስን የለቃቀመው ከመጽሔትና ከጎረቤታቸው ከፕሮፌሰር አውጉስቶ ሪጊ ነው። በ1894 ሞገዶችን በቤተ ሙከራ ያሳየው ጀርመናዊው ኸርትዝ ሲሞት ስለ እሱ ሥራ የተጻፈውን አነበበና፣ በዚህ ነገር መልእክት መላክ ይቻላል ብሎ ቤታቸው ሰገነት ላይ ተቀመጠ።

በ1895 ከቤቱ ኮረብታ ማዶ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ምልክት አሻገረ። መቀበያው ጋ የቆመው ወንድሙ አልፎንሶ ነው። ኮረብታው ስለሚከልላቸው ምልክቱ መድረሱን ያሳወቀው ጠመንጃ በመተኮስ ነበር። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ።

በሚቀጥለው ዓመት ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ተሻገረ፤ ሰኔ 1896 ላይም የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት አመለከተ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ ክንፉ ሥር አስገባው። በ1897 በብሪስቶል ወሽመጥ ላይ መልእክት ባሕር ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1899 የእንግሊዝን ቻናል አቋርጦ ፈረንሳይ ደረሰ። እስቲ አስቡት፣ ከሰገነት እስከ ፈረንሳይ አምስት ዓመት አልሞላም።

ችግሩ ግን ማሰራጫው ነበር። የዚያን ዘመን ማሰራጫ የሚሠራው በብልጭታ ነው። ሁለት የብረት ኳሶች መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይዘላል፣ አንቴናው ይንቀጠቀጣል፣ ወዲያው ይጠፋል። የድስት ክዳን በማንኪያ እንደመምታት ቁጠሩት። ድምፁ አንድ ቃና የለውም፤ ቃና ሁሉ ተደባልቆ ይበተናል። ስለዚህ የማርኮኒ ማሰራጫ ሰማዩን በሙሉ ይይዝ ነበር። ኃይሉም ይባክናል፣ አካባቢው ላይ ሁለተኛ ሰው መናገር አይችልም።

መፍትሔው ክራር ነው። ክር ተወጥሮ ሲመታ ቶሎ አይሞትም፤ በአንድ ቃና ላይ ይቆያል። ጎን ያለ፣ በዚያው ቃና የተቃኘ ሌላ ክር ካለ ደግሞ ሳይነካ አብሮ ይርገበገባል። ሬዲዮንም መቃኘት ይቻላል። ብልጭታውን ከአንቴናው ለይተህ ሌላ ዑደት ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ሁለቱን ዑደቶች በአንድ ቃና ትቃኛቸዋለህ፤ ከመቀበያውም እንዲሁ ታደርጋለህ። ሞገዱ ረዘም ላለ ጊዜ ይርገበገባል፣ ኃይሉም በጠባብ ቦይ ውስጥ ይሰበሰባል። ማርኮኒ ሚያዝያ 1900 ላይ ያመለከተበት ይህ ነው። የመብቱ ቁጥር 7777 ስለሆነ በታሪክ አራቱ ሰባቶች እየተባለ ይጠራል። ሸዋ ሮቢት ጣሪያ ላይ 40ን ወደ 10 ያወረደው ልጅ የዚህ ወረቀት የልጅ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግን ፍትሐዊ እንሁን። ሐሳቡ የማርኮኒ ብቻ አልነበረም። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ከእሱ ቀደም ብሎ በ1897 ስለ ቅኝት የራሱን መብት አመልክቷል። አሜሪካ ውስጥ ኒኮላ ቴስላና ጆን ስቶን በተመሳሳይ መንገድ ላይ ነበሩ። የማርኮኒ ኩባንያ በ1911 የሎጅን መብት ገዝቶ ነገሩን አበረደ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1943፣ ማርኮኒ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የቅኝት መብቱን ዋና ዋና ነጥቦች ቀዳሚዎች አሉበት ብሎ ውድቅ አደረገበት። ማርኮኒ ትልቅ ፈጣሪ ነበር ወይስ ትልቅ ነጋዴ የሚለው ክርክር አሁንም አላበቃም። እኔ ነጋዴነቱ ያመዝንብኛል፤ ስድብ ግን አይደለም። የተበታተነ ዕውቀት ሰብስቦ፣ ካፒታል ፈልጎ፣ የሚሠራ አገልግሎት አድርጎ መሸጥ ራሱ ሙያ ነው።

ነጋዴ ስለሆነም ትልቁን ውርርድ አስያዘ፤ አትላንቲክን። ወጪው ወደ 50,000 ፓውንድ እንደነበር ይነገራል። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፖልዱ በሚባል ቦታ፣ ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ የነደፈው ግዙፍ ማሰራጫ ተተከለ። መስከረም 1901 ላይ ማዕበል ምሰሶዎቹን ገነደሳቸው። በአሜሪካው ወገን ኬፕ ኮድ ላይ የቆሙትም በኅዳር ወደቁ። ማርኮኒ ተስፋ አልቆረጠም። ከረዳቱ ከጆርጅ ኬምፕ ጋር ወደ ኒውፋውንድላንድ ሄዶ አንቴናውን በካይት ሰቀለው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1901 ጆሮው ላይ ባደረገው ማዳመጫ ሦስት ነጥብ፣ በሞርስ ፊደል ኤስ፣ ሰማሁ አለ። ርቀቱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይጣፍጣል። ካይቱ በነፋስ ሲዋዥቅ የአንቴናው ጠባይ ስለሚለዋወጥ የተቃኘው መቀበያ አልሠራለት አለ። ስለዚህ ማርኮኒ አራቱን ሰባቶች ወደ ጎን ትቶ ያልተቃኘ፣ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ መቀበያ ነው የተጠቀመው። እኩለ ቀን ላይ በዚያ ሞገድ ያን ያህል መሄድ ስለሚከብድ በእርግጥ ሰምቷል ወይ ብለው እስከ ዛሬ የሚጠራጠሩ መሐንዲሶች አሉ። ሰምቷል ከሚሉት አንዳንዶቹ ደግሞ የደረሰው የታሰበው ሞገድ ሳይሆን ከብልጭታው የፈሰሰ ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ይሆናል ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ጠባብ ቦይ ሻጩን ዝነኛ ያደረገው ከሰፊው ቦይ የፈሰሰ ውኃ ነው። ተጠራጣሪዎቹን ለማሳመን ደግሞ በየካቲት 1902 ፊላደልፊያ የተባለች መርከብ ላይ ተሳፍሮ ምስክሮች ባሉበት ለካ። ሌሊት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሰማ ቀን ግን አንድ ሺህ ገደማ ላይ ይቋረጣል። የቀንና የሌሊት ልዩነት የታወቀው ያኔ ነው።

ቦዩ ያን ያህል ጠባብ እንዳልነበረ ያጋለጡ ሁለት አጋጣሚዎች ደግሞ አሉ። አንደኛው በ1901 ኒውዮርክ አቅራቢያ በተደረገ የጀልባ ውድድር ነው። ውጤቱን በሽቦ አልባ ለጋዜጦች ለማስተላለፍ ማርኮኒን ጨምሮ ሦስት ተፎካካሪ ወገኖች ማሰራጫ ይዘው መጡ። ሦስቱም ባንዴ ላኩ። ማንም ማንንም መስማት አልቻለም። በኢኮኖሚክስ ክፍል የጋራ ግጦሽ ላይ ሁሉም ከብቱን ለቆ ሣሩ ሲያልቅ የሚለውን ምሳሌ ሲያስተምሩን በግ ነበር የሚጠቅሱልን፤ ይህንን ቢነግሩን ኖሮ አልረሳውም ነበር። ሮናልድ ኮዝ የተባለው ኢኮኖሚስት በ1959 የሬዲዮ ሞገድ እንደ መሬት ባለቤት ይኑረው፣ ይሸጥ ይለወጥ ብሎ የጻፈው ከዚህ ዓይነቱ ግርግር ተነስቶ ነው።

ሁለተኛው በ1903 ነው። ፍሌሚንግ ለንደን ላይ በታላላቅ ሰዎች ፊት የማርኮኒን ሥርዓት ሊያሳይ ቆሟል። ቅኝቱ ስላለ ማንም ጣልቃ አይገባበትም ተብሏል። ገና ንግግሩ ሳያልቅ ማሽኑ ማርኮኒን የሚሳደብ ግጥም መቁጠር ጀመረ። ላኪው ኔቪል ማስክሊን የሚባል ባለ ምትሃት ነበር፤ እዚያው አካባቢ ማሰራጫ ተክሎ። በዘመኑ አነጋገር ሀክ ተደረጉ። ፍሌሚንግ በጋዜጣ ላይ ተቆጣ፤ ማስክሊን ግን ያደረግኩት ለሕዝብ ጥቅም ነው ብሎ ነገሩን ዘጋ።

ኩባንያው ግን አደገ። በ1907 አየርላንድን ከካናዳ የሚያገናኝ መደበኛ አገልግሎት ተጀመረ። በ1909 ማርኮኒ ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤልን ተካፈለ። በ1911 ፒሳ አጠገብ ኮልታኖ ላይ በእሱ እጅ የተሠራ ኃይለኛ ጣቢያ ተከፈተ። ይህን ጣቢያ ልብ በሉት። ከሚያገናኛቸው ቦታዎች አንዱ ምጽዋ ነበረች። የጣሊያን መንግሥት ከሮም እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ያለ ሽቦ መነጋገር የቻለው ጣሊያን ወደ እኛ ከመዝመቷ 24 ዓመት አስቀድሞ ነው።

ሚያዝያ 1912 ታይታኒክ ሰመጠች። መርከቧ ላይ የነበሩት ሁለቱ ቴሌግራፈኞች የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። የእነሱ ጥሪ ካርፓቲያ የተባለችውን መርከብ ስቦ አምጥቶ ከ700 በላይ ሰው አተረፈ፤ ማርኮኒም ጀግና ሆነ። ግን ስለ ቦይ እያወራን ነውና ሌላውንም እንናገር። የዚያን ዕለት ማታ ካሊፎርኒያን የምትባል ቅርብ ያለች መርከብ በበረዶ ተከባ ቆማለች። ቴሌግራፈኛዋ ይህንን ለታይታኒክ ሊነግር ሲሞክር፣ ቅርበቱ የተነሳ ምልክቱ የታይታኒኩ ቴሌግራፈኛ ከሩቅ ጣቢያ ጋር የሚያደርገውን ሥራ አደነቆረበት። ዝም በል ተባለ። ማሽኑን አጥፍቶ ተኛ። ብዙም ሳይቆይ ታይታኒክ ከበረዶው ጋር ተጋጨች። እርግጥ ድካሙም፣ የሥራ ብዛቱም፣ የደንብ አለመኖርም ድርሻ አላቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ የሚፈስ ሰፊ ቦይ ግን አንዱ ምክንያት ነው። አሜሪካ በዚያው ዓመት ባወጣችው የሬዲዮ ሕግ ማሰራጫዎች ሞገዳቸውን ጠበብና ጠራ እንዲያደርጉ አስገደደች። በ1927 ዋሽንግተን ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ደግሞ ብልጭታ ቀስ በቀስ እንዲወገድ ወሰነ። ማርኮኒ ራሱ ብልጭታን የሙጥኝ ብሎ ከብዙዎቹ ዘግይቶ ነው የለቀቀው።

በዚያው 1912 ዓመት ሁለት ነገር ደረሰበት። ጣሊያን ውስጥ በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሎይድ ጆርጅን ጨምሮ ሚኒስትሮች የአሜሪካውን የማርኮኒ ኩባንያ አክሲዮን ገዝተው ተገኙና ትልቅ ቅሌት ተነሳ። መንግሥት ለእናት ኩባንያው ትልቅ ኮንትራት ሊሰጥ በሚደራደርበት ሰዓት ነው። እሱ በግሉ አልተከሰሰም። ስሙ ግን ከቅሌቱ ጋር ተጠራ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠራውን ሥራ ከሁሉ አስበልጬ እወድለታለሁ። ኤሌትራ የምትባል መርከብ ገዝቶ ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ አደረጋት። እስከዚያ ድረስ የሁሉም እምነት ርቀት የሚገኘው በረጅም ሞገድና በመቶዎች ኪሎዋት ኃይል ነው የሚል ነበር፤ እሱም ብዙ ገንዘብ አፍስሶበታል። በ1923 ከፖልዱ በ12 ኪሎዋት ብቻ፣ ግን በአጭር ሞገድ፣ የተላከውን ምልክት ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አጠገብ ሆኖ ጥርት አድርጎ ሰማው። ከባልደረባው ቻርልስ ፍራንክሊን ጋር ሞገዱን እንደ ባትሪ ጨረር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብ አንቴና ሠሩ። ቀደም ሲል ኃይልን በፍሪኩዌንሲ አጠበበ፤ አሁን በአቅጣጫ። በ1926 እና በ1927 እንግሊዝ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከህንድ ጋር በዚህ ተገናኘች። የባሕር ሥር ገመድ ኩባንያዎች ገበያ አጡ፤ በ1929 ከማርኮኒ የሽቦ አልባ አገልግሎት ጋር እንዲዋሐዱ ተደረገ። ትልቅ ኃይል የሚፈጅ ሰው ትንሽ ኃይል አሰባስቦ በሚልክ ሰው ሲሸነፍ ማለት ይህ ነው። ተሸናፊው ግን የገዛ ራሱ የቀድሞ እምነትም ጭምር ነበር፤ ስሕተቱን ደግሞ አልደበቀም።

አሁን ወደማልወደው ክፍል እንምጣ። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በግድ አልገባም፤ ዓለም የሚያውቀው፣ ለንደንም ኒውዮርክም መኖር የሚችል ሰው ነው። በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን ሮያል አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው፤ በዚህም የፋሺስት ታላቁ ምክር ቤት ውስጥ መቀመጫ አገኘ። በ1931 የቫቲካንን ሬዲዮ ሠርቶ ለጳጳሱ አስረከበ። እናም 1935 መጣ።

በዚያን ዓመት አዲስ አበባ ገና ከሬዲዮ ጋር እየተዋወቀች ነበር። አቃቂ ላይ የቆመው ጣቢያ፣ የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ እጅ ያለበት፣ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በኢትዮጵያ መስከረም 1928 ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ ሆነው በአጭር ሞገድ ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። ጣሊያን ባነጸው ጣቢያ፣ ማርኮኒ መንገዱን ባቀናው ሞገድ፣ ጣሊያን ልትወረን ነው ብለው አሰሙ። በመስከረም 22 ጦሩ መረብን ተሻገረ።

ማርኮኒ ያኔ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ልቡ ታማሚ ነው፤ ሐኪሞች ዕረፍት አዘውለታል። እሱ ግን ብራዚል ድረስ ሄዶ የጣሊያንን ወረራ ደግፎ ተናገረ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ መጣ። ሥራውን የጀመረባት፣ ኩባንያውን ያቆመባት አገር ናት። የጣሊያንን ጉዳይ በቢቢሲ ላስረዳ ብሎ ጠየቀ። ቢቢሲ ማይክሮፎኑን ከለከለው። ሬዲዮን ለዓለም ያመጣ ሰው በሬዲዮ እንዳይናገር ተከለከለ። ክልከላው ክፉኛ አሳዘነው ይባላል። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሳነበው ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ የአቃቂን ጣቢያ አሰብኩና ደስታዬ ቀዘቀዘ፤ የእኛ ድምፅ አልተከለከለም፤ ተሰማ፣ ግን ማንም አልመጣም።

ጦርነቱ በሁለቱም ወገን በሽቦ አልባ የታጀበ ነበር፤ አቅሙ ግን አይመጣጠንም። ጣሊያኖች የእኛን የሬዲዮ ልውውጥ ይጠልፉ ነበር። ከማይጨው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ሽንፈቱ ለእቴጌ የላኩት መልእክት ሳይቀር ባዶልዮ እጅ ገብቷል። ሞገድ ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ይደርሳል፤ ቦዩን ማጥበብ ኃይል ያተርፋል እንጂ ምሥጢር አይጠብቅም። ሙሶሊኒ የመርዝ ጋዝ እንዲጣል የፈቀደበት ትእዛዝ ከሮም የመጣው በቴሌግራም ነው።

ሚያዝያ 1928 በእኛ፣ ባዶልዮ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ከደሴ ተነሳ። ዋናው የመኪና ሰልፍ የወረደው በይፋት ቆላ ነው፤ ዛሬ የጓደኛዬ ማሾ በሚጫንበት አቅጣጫ። ጣርማበር አቀበት ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ስላፈረሱት ሰልፉ ተገታ። ወታደሮቹ ድንጋይ እየተሸከሙ ጠገኑት። በሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ማርኮኒ ይህን ዜና ሮም ሆኖ በሬዲዮ ሳይሰማው አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ጣሊያን ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ተመራማሪዎች በመዝገብ ያገኙት ሌላም ነገር አለ፤ እሱ በሚመራው አካዳሚ ውስጥ አይሁድ ዕጩዎች ምልክት እየተደረገባቸው ይቀሩ ነበር። ያኔ የዘር ሕጉ ገና አልወጣም። አንዳንድ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች በመጨረሻው ከሙሶሊኒ ጋር ልቡ ሳይሻክር አልቀረም ይላሉ። ይሆናል። በአደባባይ ግን አንድም ቀን አልተለየም።

ሐምሌ 20 ቀን 1937፣ በእኛ ሐምሌ 13 ቀን 1929፣ በስልሳ ሦስት ዓመቱ ሮም ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ካለፈ ገና አምስት ወሩ ነው። መንግሥታዊ ቀብር ተደረገለት። በማግሥቱ የእንግሊዝ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ማሰራጫቸውን አጥፍተው ዝም አሉ፤ በሌሎች አገሮችም እንዲሁ ያደረጉ ነበሩ። እሱ ከመወለዱ በፊት እንደነበረው ሰማዩ ለሁለት ደቂቃ ጸጥ አለ ማለት ነው።

በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ሰሜን ሸዋ ላይ ክረምት ነበር። ጣርማበር በጉም ይሸፈናል፣ የሮቢ ወንዝ ይሞላል። ከዚያ በላይ፣ በመንዝና በተጉለት ጋራዎች፣ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ነበሩ። መልእክታቸው ይሄድ የነበረው በአብዛኛው በእግር ነው፤ ወረቀቷን ልብሱ ውስጥ ሸሽጎ በዝናብ በሚወርድ ልጅ።